የልብስ ማጠቢያ ማሽን ማፍሰሻ የፍሳሽ ሽታ ወደ ቤት ሲያስገባ፦ መድፈን ለምን አይበቃም?

ጥያቄ፦ የምንኖረው ከቱሉ ዲምቱ አለፍ ብሎ ባለ አዲስ ሰፈር፣ ራሳችን ባስገነባነው ቤት ነው። ፍሳሻችን የሚሄደው በግቢያችን ወዳለው ሴፕቲክ ታንክ ነው። ከአምስት ወር በፊት የልብስ ማጠቢያ ማሽን ገዝተን ከሻወር ቤቱ አጠገብ ባለች ጠባብ ክፍል አስቀመጥን፤ የማፍሰሻ ጎማውንም ከግድግዳ ወጥቶ ወደ ላይ በታጠፈ ባለ 50 ሚሊ ሜትር የፒቪሲ ቧንቧ ውስጥ ከተትነው። ከዚያ ወዲህ የበሰበሰ እንቁላል የመሰለ ሽታ ቤቱን ሞላው። ልብስ ባጠብንበት ዕለት እንኳ አይቀርም፤ ማታ ማታ ደግሞ ይብሳል። ቧንቧ ሠራተኛ አምጥተን በጎማውና በቧንቧው መካከል ያለውን ክፍተት በሲሊኮን ደፈነልን። ሽታው ለጥቂት ቀናት ቀነሰ፤ አሁን ግን በሻወሩ ወለል ማፍሰሻ በኩል መጣ። ማሽኑ ውሃ በሚተፋበት ጊዜም ማፍሰሻው ይንቦቀቦቃል። ውሃ በሚጠፋበት ሳምንት በአካባቢው መቆም አይቻልም። ሁለት ሕፃናት አሉን። ምን እናድርግ? ለጤናስ ያሰጋል?

ምላሽ፦ በጥያቄዎ ያነሷቸው ሦስት ምልክቶች፣ ማለትም ሽታው ልብስ በታጠበበት ዕለት እንኳ አለመቅረቱ፣ በአንድ በኩል ሲደፈን በሌላ በኩል ብቅ ማለቱ እና የወለሉ ማፍሰሻ መንቦቅቦቁ፣ ቤቱን ሳላይ ወደ ምክንያቱ በእጅጉ ያቀርቡኛል። በእኔ ግምት ችግሩ አንድ ሳይሆን ሁለት ነው። የመጀመሪያው ለማሽኑ የተዘጋጀው ቧንቧ ከነጭራሹ ሲፎን፣ ማለትም ውሃ ይዞ ጋዝን የሚያግድ የታጠፈ ቧንቧ፣ የሌለው መሆኑ ነው። ሁለተኛው የፍሳሽ መስመሩ የሚተነፍስበት የአየር ማስወጫ ቧንቧ አለመኖሩ ወይም መደፈኑ ነው። ሲሊኮኑ ከሁለቱ አንዱንም አልነካም፤ እንዲያውም ሌላ ችግር ጨምሯል። ስለዚህ ወደ ዝርዝሩ ከመግባቴ በፊት ሲሊኮኑን ዛሬውኑ እንዲያስነሱት እለምንዎታለሁ። ጥገናው እስኪሠራ ድረስ ማሽኑ በማይሠራበት ሰዓት ጎማውን ከቧንቧው አውጥተው አፉን በፒቪሲ ክዳን ይክደኑት፤ ክዳን ካጡ እርጥብ ጨርቅ በፌስታል ጠቅልለው ይወትፉበት። በሻወሩ ወለል ማፍሰሻም በየማታው አንድ ሊትር ያህል ውሃ ያፍስሱበት። ይህ ጊዜያዊ ነው፤ ለዛሬ ሌሊት ግን ልጆቹን በሰላም ያስተኛል።

ሽታው ከየት እንደሚመጣ ማወቅ መፍትሔውን ለመረዳት ያግዛል። በሴፕቲክ ታንክ ውስጥ ኦክስጅን የማይፈልጉ ባክቴሪያዎች ቆሻሻውን ሲያፈርሱ ሚቴን፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ አሞኒያና ሃይድሮጅን ሰልፋይድ የተባሉ ጋዞች ይፈጠራሉ፤ የእንቁላሉን ሽታ የሚሰጠው የመጨረሻው ነው። የፍሳሽ ቧንቧ ባዶ በሚመስልበት ጊዜ ሁሉ በእነዚህ ጋዞች የተሞላ ነው፤ በቤትዎ ያለው እያንዳንዱ የማፍሰሻ ቀዳዳም፣ የወጥ ቤቱ፣ የእጅ መታጠቢያው፣ የሻወሩና የማሽኑ፣ ከዚያው ታንክ ጋር በአየር የተገናኘ ነው። በእርስዎና በታንኩ መካከል የሚቆመው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እርሱም በታጠፈ ቧንቧ ውስጥ የተኛ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ውሃ ነው። ሲፎን የምንለው ይኸው ነው። በለንደን ይኖር የነበረው ስኮትላንዳዊ ሰዓት ሠሪ አሌክሳንደር ከሚንግ እ.ኤ.አ. በ1775 የታጠፈ ቧንቧ ያለውን መጸዳጃ የፈጠራ ባለቤትነት ካስመዘገበ ወዲህ ቅርጹ ብዙ ጊዜ ቢሻሻልም መሠረቱ አልተለወጠም፤ ውሃው ፍሳሽን ያሳልፋል፣ ጋዝን ግን ያግዳል።

የሽንት ቤቱ መቀመጫ ሲፎኑን በራሱ አካል ይዞ ይመጣል። የእጅ መታጠቢያውም ሲፎን ከሥሩ ይታያል፤ ሳይገጠም ቢቀር ማንም ያስተውለዋል። የልብስ ማጠቢያ ማሽን ግን ከሁለቱም የተለየ ነው። ማሽኑን የሚሸጠው ሰው ሲፎኑ በግድግዳው ውስጥ አለ ብሎ ያስባል፤ ቤቱን የሠራው ቧንቧ ሠራተኛ ደግሞ ሲፎኑ ከማሽኑ ጋር ይመጣል ብሎ ቀጥ ያለ ቧንቧ ብቻ ትቶ ይሄዳል። በሁለቱ ግምት መካከል ቤቱ ክፍት ሆኖ ይቀራል። በከተማው ዳርቻ በአዳዲስ ቤቶች በተጠራሁባቸው ጊዜያት ከሁሉም በላይ የገጠመኝ ስሕተት ይህ ነው። የማሽኑ ጎማ ከጀርባው ወደ ላይ ወጥቶ በመታጠፉ ምክንያት እርሱን እንደ ሲፎን የሚቆጥሩም አሉ፤ ይህ ግን አይደለም። ሲፎን ውሃ የሚይዘው ወደ ታች በመታጠፉ ነው፤ የጎማው መታጠፊያ ወደ ላይ ስለሆነ በጉብታው ውስጥ ውሃ አይቆምም። የእርሱ ሥራ በከበሮው ውስጥ ያለው ውሃ በራሱ ክብደት እንዳይፈስ መከልከል ብቻ ነው።

ግምቴን ከመቀበልዎ በፊት ራስዎ ያረጋግጡት። ጎማውን አውጥተው በቧንቧው አፍ በእጅ ባትሪ ይመልከቱ፤ ከዚያ አንድ ሊትር ውሃ አፍስሰው ጥቂት ደቂቃ ይጠብቁና ቀጭን ደረቅ የኤሌክትሪክ ሽቦ እስከሚቆም ድረስ ወደ ውስጥ ይስደዱ። ሲያወጡት ጫፉ ብዙ ሴንቲ ሜትር ድረስ ከራሰ በውስጡ የቆመ ውሃ አለ ማለት ነው። ሲፎኑ በግድግዳው ወይም በወለሉ ውስጥ ርቆ ተቀብሮ ከሆነ ግን ሽቦው ላይደርስበት ስለሚችል ሁለተኛ ሙከራ ያስፈልጋል። ቀጭን ፌስታል በቧንቧው አፍ ላይ አልብሰው በላስቲክ አጥብቀው ይሰሩት፤ አንድ ሰው በሽንት ቤቱ አንድ ባልዲ ውሃ በአንድ ጊዜ ያፍስስ። ፌስታሉ ቢነፋ ወይም ወደ ውስጥ ቢሳብ የቧንቧው አፍ ከፍሳሽ መስመሩ አየር ጋር ያለ ምንም መከላከያ ተገናኝቷል ማለት ነው። ፌስታሉ ንቅንቅ ካላለ ውሃ የያዘ ሲፎን ሳይኖር አይቀርም። አደራ፣ ይህን ሙከራ በክብሪት፣ በሻማ ወይም በፍም አይሞክሩት። ሚቴን በአየር ውስጥ ከ5 እስከ 15 በመቶ ሲደርስ በእሳት ይፈነዳል፤ ከቧንቧው የሚወጣው መጠን ስንት እንደሆነ ደግሞ በዓይን አይታወቅም።

በዚህ አጋጣሚ ሽታው ከራሱ ከማሽኑ አለመሆኑንም ይለዩ። የማሽኑን በር ከፍተው ሲያሸቱ የሚመጣው የሻገተ እርጥብ ጨርቅ ሽታ ከሆነ ችግሩ የበሩ ጎማና የፓምፑ ማጣሪያ አለመጽዳት ነው። የእርስዎ ገለጻ ግን ከዚህ ጋር አይመሳሰልም።

አሁን ወደ ሲሊኮኑ ልመለስ። የማሽን ጎማ በቧንቧው ውስጥ ልቅ ሆኖ መቀመጥ አለበት፤ በዙሪያውም አየር የሚገባበት ክፍተት ሊኖር ይገባል። ክፍተቱ ተደፍኖ ጎማውና ቧንቧው አንድ ወጥ ቱቦ ሲሆኑ፣ ፓምፑ ቆሞ እንኳ ወደ ታች የሚወርደው ውሃ ከኋላው ያለውን እየሳበ ከበሮውን ባዶ ሊያደርገው ይችላል፤ ማሽኑ ውሃው ጎደለብኝ ብሎ እንደገና ይሞላል፣ የሞላውም እንደገና ይሳባል። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር በሮቶ የጠራቀሙት ውሃ በዚህ መንገድ ሲባክን ማየት ያሳዝናል። ከዚህ የከፋም አለ። ታንኩ ሞልቶ ወይም መስመሩ ተዘግቶ ፍሳሹ ወደ ኋላ ቢመለስ፣ ክፍተቱ ሲኖር በቧንቧው አፍ በኩል ወለሉ ላይ ስለሚፈስ ወዲያውኑ ያዩታል፤ ከተደፈነ ግን ልብስዎ ወዳለበት ማሽን የሚወስድ መንገድ ይከፈትለታል።

የወለሉ ማፍሰሻ መንቦቅቦቅ የጀመረው ሲሊኮኑ ከተደፈነ በኋላ መሆኑም ያለ ምክንያት አይደለም። ውሃ በቧንቧ ሲወርድ ከፊቱ ያለውን አየር ይገፋል፣ ከኋላው ያለውን ደግሞ ይስባል። መስመሩ የራሱ የአየር ማስወጫ ከሌለው ይህ አየር ባገኘው ቀዳዳ ይወጣል፣ ባገኘውም ይገባል። እስከዚያ ቀን ድረስ ያን ሥራ ሳይታወቅ ሲሠራ የነበረው የማሽኑ ቧንቧ አፍ ነበር። እርሱ ሲደፈን ግፊቱ ወደሚቀጥለው ደካማ በር ዞረ፤ ያም የሻወሩ ማፍሰሻ ነው። ሲንቦቀቦቅ የሚሰሙት ድምፅ የፍሳሽ አየር በሲፎኑ ውሃ መካከል ሲያልፍ የሚሰማ ነው፤ በተንቦቀቦቀ ቁጥርም ውሃው ይረጫል፣ ይሳባል፣ ይጎድላል። 5 ሴንቲ ሜትር ውሃ የሚቋቋመው ግፊት 500 ፓስካል ገደማ ነው። በቤት ውስጥ ያለ አየር ማውጫ ማራገቢያ የሚፈጥረው የግፊት ልዩነት በአብዛኛው በአሥሮች የሚቆጠር ፓስካል ስለሆነ ሙሉ ሲፎንን አያሸንፈውም፤ አየር በሌለው መስመር ውስጥ በኃይል የሚወርድ የማሽን ወይም የሽንት ቤት ውሃ ግን ሊያሸንፈው ይችላል።

ማታ ማታ ለምን እንደሚብስም ጠቅሰዋል። የአዲስ አበባ ሌሊት፣ በተለይ በኅዳርና በታኅሣሥ፣ ይቀዘቅዛል፤ ቤት ውስጥ ያለው አየር ደግሞ ከውጭው ይሞቃል። ሞቃት አየር ወደ ላይ ወጥቶ በኮርኒስና በመስኮት ክፍተት ሲያመልጥ ቤቱ በታችኛው ክፍሉ ምትክ አየር ይስባል፤ በርና መስኮቱ በተዘጋበት ሰዓት ከሚስብባቸው ቀዳዳዎች አንዱ ይኸው መከላከያ የሌለው ቧንቧ ነው። በሻወር ቤቱ አየር ማውጫ ማራገቢያ ካለዎት ሲያበሩት ሽታው የሚጨምረውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ ሽታን ለማስወጣት የተገጠመው መሣሪያ ሽታን ይስባል።

ስለ ጤናው ላሳስብዎት እንጂ ላስፈራራዎት አልፈልግም። አፍንጫችን ሃይድሮጅን ሰልፋይድን ከአንድ ሚሊዮን የአየር ክፍል አንዱን እንኳ ሳይሞላ ይለየዋል፤ ስለዚህ በቤት ውስጥ የሚሸተት መጠን በአብዛኛው ወዲያውኑ ሕይወትን ከሚያሰጋው እጅግ ያነሰ ነው። ነገር ግን ለረጅም ሰዓት ሲተነፍሱት ራስ ምታት፣ የዓይንና የጉሮሮ ማቃጠል፣ ማቅለሽለሽ ሊያመጣ ይችላል፤ ሕፃናትና የአስም ሕመም ያለባቸው ቀድመው ይጎዳሉ። አፍንጫ ደግሞ ሽታውን ይለምደዋል፤ መጠኑ ከአንድ ሚሊዮን የአየር ክፍል 100 ያህሉን ሲይዝ ጭራሽ ማሽተት ያቆማል። ስለዚህ ሽታው ጠፋ ማለት ጋዙ ጠፋ ማለት አይደለም። ከቤተሰቡ አንድ ሰው በዚያች ክፍል ቆይቶ ቢያዞረው ወይም ቢያቅለሸልሸው በሩንና መስኮቱን ከፍተው ሁሉም ወደ ውጭ ይውጡ፤ ካልተሻለውም ወደ ሕክምና ይውሰዱት።

ጥገናው እንዲህ ነው። ከግድግዳው የሚወጣው ቧንቧ ከወለሉ 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ነው ብዬ ልነሳ፤ የእርስዎ ቢለይ ልኬቱን ያስተካክሉት። ወደ ላይ የታጠፈው ቁራጭ ይቆረጥና በምትኩ ባለ 50 ሚሊ ሜትር ሲፎን ይገጠማል፤ በሲፎኑ ላይ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ የሚቆም ቧንቧ ይተከላል፤ የማሽኑም ጎማ በዚያ ቋሚ ቧንቧ አፍ ይገባል። ቋሚው ቧንቧ ውሃው ከሲፎኑ ሞልቶ ከሚወጣበት ደረጃ በላይ ቢያንስ 45 ሴንቲ ሜትር ሊረዝም ይገባዋል፤ ካጠረ ፓምፑ ባንድ ጊዜ የሚተፋውን ውሃ መያዝ አቅቶት በአፉ ይገነፍላል። የጎማው ከፍታ ደግሞ አብዛኞቹ አምራቾች በመመሪያቸው እንደሚያዙት ከወለሉ ከ60 እስከ 100 ሴንቲ ሜትር መሆን አለበት። የግድግዳው መውጫ በ30 ሴንቲ ሜትር ላይ ሲሆን የ55 ሴንቲ ሜትር ቋሚ ቧንቧ አፉን በ85 ሴንቲ ሜትር ላይ ያደርገዋል፤ ይህም ሁለቱንም ሁኔታዎች ያሟላል። ጎማው ከ15 ሴንቲ ሜትር በላይ ወደ ውስጥ አይግባ፤ ፓምፑ ሲነሳ ዘሎ እንዳይወጣ ግን ከቧንቧው ጋር በማሰሪያ ይታሰር። ዙሪያው ክፍት ይሁን። ሲፎኑ በትክክል ከተሠራ በዚያ ክፍተት የሚወጣ ሽታ አይኖርም።

የሲፎኑን ጥልቀት በተመለከተ ጠንከር ብዬ ልናገር። በብዙ አገሮች ደንብ የሚፈቀደው ትንሹ የውሃ ጥልቀት 5 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት የከተማ ዳርቻ ግን እኔ 7.5 ሴንቲ ሜትር እንዲሆን እመክራለሁ፣ ምክንያቱም ውሃ ለሚጠፋበት ሳምንት የሚሆን ስንቅ ይኖረዋል። በገበያ ተዘጋጅቶ የሚሸጥ ሲፎን ካገኙ ጥልቀቱን በሜትር ለክተው ይግዙ። ካላገኙ ጥሩ ቧንቧ ሠራተኛ ከሦስት ባለ 90 ዲግሪ ኤልቦ (የቧንቧ ማጠፊያ) ሊሠራው ይችላል፤ ቋሚው ቧንቧ ወርዶ በአንዱ ኤልቦ ወደ ጎን ይታጠፋል፣ በሁለተኛው ወደ ላይ ይነሳል፣ በሦስተኛው ወደ ግድግዳው ይገባል። ከታችኛው አግድም ቧንቧ መካከል እስከ ላይኛው አግድም ቧንቧ መካከል ያለው ርቀት 12.5 ሴንቲ ሜትር ከሆነ በውስጡ የሚቆመው የውሃ መዝጊያ 7.5 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል። ከሲፎኑ በኋላ ቧንቧው ወደ ግድግዳው ሲሄድ በየሜትሩ ሁለት ሴንቲ ሜትር ያህል ዝቅ ይበል እንጂ ወዲያውኑ ቁልቁል አይውረድ። ከሲፎኑ ወጥቶ በቀጥታ ወለሉን በስቶ ቁልቁል የሚወርድ አሠራር ብዙ ጊዜ የራሱን ውሃ ስቦ ይጨርሳል፤ ሲፎን ተገጥሞልኝ ሽታው አልቀረም ከሚሉ ሰዎች ቤት ደጋግሜ ያገኘሁት ይህንን ነው።

ለሲፎኑ ታች የሚፈታ የማጽጃ ክዳን ይሠራለት። ከጋቢ፣ ከነጠላና ከፎጣ የሚወጣው የጥጥ ብናኝ በኤልቦው ይጠራቀማል። ብናኙ መስመሩን ከመዝጋቱ በፊት የሚያደርሰው ስውር ጉዳት አለ፤ አንድ የክር ጉንጉን ግማሹ በውሃው ውስጥ፣ ግማሹ ከመውጫው ጠርዝ ማዶ ተንጠልጥሎ ሲቀር እንደ ፋኖስ ክር ውሃውን ጠብታ በጠብታ እየመጠጠ ሲፎኑን ያደርቀዋል። ስለዚህ በየሦስት ወሩ ክዳኑን ከፍቶ ማጽዳት ይገባል።

ወደ አየር ማስወጫው እንለፍ። ሲፎን ብቻ ተሠርቶ ይህ ካልተስተካከለ ድካሙ በከንቱ ይቀራል። በግቢዎ ዞር ብለው ከሴፕቲክ ታንኩ ወይም ከዋናው የፍሳሽ መስመር ተነስቶ ከጣሪያ በላይ የሚወጣ፣ አፉ ክፍት የሆነ ቧንቧ መኖሩን ይመልከቱ። ቆርቆሮው ተበስቶ እንዳያፈስ ተብሎ ከኮርኒሱ በላይ፣ ከጣሪያው በታች ተቆርጦ የቀረ የአየር ቧንቧ በብዙ ቤት አይቻለሁ፤ ጋዙ በኮርኒሱ ውስጥ ተጠራቅሞ ወደ መኝታ ቤት ይወርዳል። ዝናብ እንዳይገባ ተብሎ በክዳን የታሸገም፣ ወፍ ጎጆ የሠራበትም አለ። ቧንቧው ካለ ይከፈት፣ ከቆርቆሮው በላይ ይለፍ፣ ከመስኮትም ይራቅ፤ አፉ ላይ የወንፊት ሽቦ ይደረግለት፤ የተበሳው ቆርቆሮ ዙሪያም በደንብ ይታሸግ። ጭራሽ ከሌለ ከታንኩ አጠገብ ባለው መስመር ላይ ቲ (ሦስት አፍ ያለው መገጣጠሚያ) ተደርጎ በውጭ ግድግዳ በኩል ወደ ላይ ማውጣት ይቻላል፤ ወለል መስበር አያስፈልገውም። የማሽኑ ሲፎን ከዋናው መስመር ርቆ የሚገኝ ከሆነ ከሲፎኑ በኋላ አየር የሚያስገባ እንጂ የማያስወጣ ቫልቭ መግጠም ይረዳል፤ ከቋሚው ቧንቧ አፍ ከፍ ብሎ መቀመጥ አለበት። ይህ ቫልቭ ግን የሚከላከለው መሳብን ብቻ ነው፤ ከታንኩ የሚመጣውን ግፊት ስለማያስተነፍስ የዋናው አየር ማስወጫ ምትክ አድርገው የሚሸጡልዎትን አይቀበሉ።

የሻወሩ ወለል ማፍሰሻ ክዳኑን አንስተው ይመልከቱ። በገበያችን የሚሸጡት ብዙዎቹ ከወንፊቱ ሥር በተገለበጠ ኩባያ መሰል ቆብ ውሃ የሚይዙ ናቸው። ቆቡ ውሃ ያዘገያል ተብሎ በጽዳት ጊዜ ይወጣና ሳይመለስ ይቀራል፤ ያን ጊዜ ማፍሰሻው ባዶ ቀዳዳ ይሆናል። ቆቡ ካለም የሚይዘው ውሃ ጥልቀቱ ትንሽ ስለሆነ ቶሎ ይደርቃል። የደረቀ የወለል ማፍሰሻ የሚያስገባው ሽታ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2003 በሆንግ ኮንግ አሞይ ጋርደንስ በተባለው የመኖሪያ መንደር ከ300 በላይ ሰዎች በሳርስ ሲያዙ፣ የዓለም ጤና ድርጅት ባለሙያዎች ካገኟቸው ምክንያቶች አንዱ የመታጠቢያ ቤት ወለል ሲፎኖች ደርቀው መገኘታቸውና አየር ማውጫ ማራገቢያዎች የተበከለውን አየር ወደ ቤት መሳባቸው ነበር። በኮየ ፈጬ፣ በየካ አባዶ ወይም በሌላ ኮንዶሚኒየም የሚኖሩ አንባቢዎችም ይህን ልብ ይበሉ፤ ብዙ ፎቆች አንድ ቁልቁል ቧንቧ ሲጋሩ ከላይ የሚወርደው ውሃ የታችኞቹን ሲፎን ይስባል፣ የአንዱ ቤት ደረቅ ማፍሰሻም ለሁሉም የጋራ አየር በር ይሆናል። ፍሳሹ በከተማው መስመር ወደ ቃሊቲ ማጣሪያ ጣቢያ መሄዱ ወይም በግቢ ታንክ መቅረቱ በዚህ ረገድ ለውጥ የለውም።

አንድ ስሕተት እንዳይሠራብዎት ላስጠንቅቅ። አንዳንድ ሠራተኛ ለጥንቃቄ ብሎ በአንድ መስመር ላይ ሁለት ሲፎን ይደረድራል፤ የማሽኑን ሲፎን ራሱ ሲፎን ወዳለው የወለል ማፍሰሻ ያስገባዋል። በሁለቱ ውሃዎች መካከል የታሰረው አየር መውጫ ስለሚያጣ ፍሳሹ ይዘገያል፣ ይንቦቀቦቃል፣ አንዱም የሌላውን ውሃ ይገፋል። ለአንድ ማፍሰሻ አንድ ሲፎን ይበቃል።

ውሃ በሚጠፋበት ሳምንት ስለሚሆነው ደግሞ፦ በበጋ የአዲስ አበባ አየር ደረቅ ስለሆነ የሲፎን ውሃ በየቀኑ ይተናል፤ ማሽኑም ሻወሩም ካልሠሩ የሚተካው የለም። ባለ 50 ሚሊ ሜትር ሲፎን የሚይዘው ግማሽ ሊትር ያህል ብቻ ስለሆነ ከጀሪካን ላይ ለእያንዳንዱ ማፍሰሻ በሳምንት አንድ ሊትር መመደብ ውሃውን ይጠብቀዋል። እጅ የታጠቡበት ውሃ ይበቃል፤ የሩዝ ወይም የአትክልት እጣቢ ግን በውስጡ ስለሚበሰብስ አይሁን። ለበዓል ወደ አገር ቤት የምትሄዱ ከሆነ ከውሃው በኋላ ከፋርማሲ የሚገዛ ፈሳሽ ፓራፊን ሁለት ሦስት ማንኪያ ጠብ ማድረግ በውሃው ላይ ተንሳፍፎ ትነቱን ያዘገየዋል። በቅርብ ጊዜ ውሃ ሳይፈልጉ በስስ የሲሊኮን ምላስ የሚዘጉ ማፍሰሻዎችም መጥተዋል፤ ለሻወር ወለል ጥሩ አጋዥ ናቸው፤ ለማሽን መስመር ግን ብናኙ በምላሱ መካከል ገብቶ ክፍት አድርጎ ስለሚያስቀራቸው ብቻቸውን አላምናቸውም።

የታንኩን ክዳን ለማየት ሲከፈት ማንም ሰው፣ ሠራተኛም ቢሆን፣ ለአፍታ እንኳ ወደ ውስጥ እንዳይወርድ፣ አጎንብሶም እንዳይመለከት። በታንክ ውስጥ የሚጠራቀመው ጋዝ በቤት ውስጥ ከሚሸቱት ጋር የሚወዳደር አይደለም፤ ሰውን በጥቂት ትንፋሽ ሊጥል ይችላል፣ የወደቀውን ለማውጣት ተከትሎ የሚገባውም እንዲሁ ይሞታል። ታንኩ ከሞላ ፍሳሽ መምጠጫ መኪና ይጥሩ።

ሥራው ሲያልቅ፣ ሠራተኛው ዕቃውን ሳይሰበስብ፣ እዚያው ይፈትሹት። የሻወሩን ማፍሰሻ ውሃ ሞልተው ክዳኑን ያንሱ፤ ማሽኑን ውሃ ሞልቶ እንዲተፋ ያድርጉት፤ በዚያው ጊዜ አንድ ሰው በሽንት ቤቱ ባልዲ ውሃ ያፍስስ። ጎማውን ሳያወጡ በቋሚው ቧንቧ አፍ አጠገብ ያሽትቱ፤ የማፍሰሻውንም ውሃ ይመልከቱ። ውሃው ከመርገብገብ አልፎ ከተንቦቀቦቀ ወይም ዝቅ ብሎ ከቀረ የአየር ማስወጫው አሁንም አልሠራም፤ ሠራተኛው ወደ ጣሪያው ተመልሶ ይውጣ። ውሃው በነበረበት ከቆመ ጎማውን አውጥተው የፌስታሉን ሙከራ ይድገሙት፤ ፌስታሉም ንቅንቅ ካላለ ክፍያውን ይስጡት።